ክብ ማኅተም

የሥራ ልምድ ወረቀቴ ላይ አንድም ውሸት የለም። «ልደት አሥራ አራት ወር ሙሉ በመተንፈሻ ማሽን የሚረዱ ታማሚ ስትንከባከብ ቆይታለች» ይላል። ከታች ፊርማ አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማኅተም አለው። ይህን ያህል እውነተኛ ወረቀት ከኩዌት ይዞ የሚገባ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም። ውሸቱ ያለው ከወረቀቱ ውጭ ነው፤ እሱንም የምናውቀው እኔና ጥሩነሽ ብቻ ነን።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ነርስ ነኝ። በከተማችን ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ለአኔስቴዥያ ሥልጠና ተፈትነው ካለፉት አምስት ነርሶች አንዷ ነበርኩ። አኔስቴዥያ ኦፕራሲዮን የሚደረገውን ሰው ማስተኛት፣ ተኝቶ ሳለ መጠበቅ፣ በመጨረሻም መቀስቀስ ነው። አራቱ ጓደኞቼ ወዲያው ገቡ። እኔ ግን ነገር አብዝቼ ሥልጠናውን የሚሰጡትን መምህር ሀብተ ወልድን ላማክር ብዬ ሄድኩ።

መምህር ሀብተ ወልድ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ያስተኙ ሰው ናቸው፤ ሲያወሩም እንቅልፍ ያመጣሉ። ያን ቀን ግን ነቅቼ ነው የሰማኋቸው። «ዘንድሮ መግባት ትችያለሽ» አሉኝ። «እኔን ከጠየቅሽኝ ግን መጀመሪያ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሥሪ። የተኛ ሰው አፍ የለውም፤ አፉ አንቺ ነሽ። እሱ ሲታፈን የምትጮሂው አንቺ ነሽ። ይሄ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አይለመድም፤ እዚያ ጊዜ የለም። ካንድ ሰው አጠገብ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የሚለመደው።» የሥራ ልምድ ወረቀት ይዤ ከመጣሁ እስከ 2013 መግቢያ ድረስ ቦታዬን እንደሚያስጠብቁልኝ ቃል ገቡልኝ። አመንኳቸው። ዛሬም ልክ ነበሩ እላለሁ፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ሰው ተከፍቶ የጠበቀውን በር ትቶ በመስኮት ልግባ ይላል?» አለችኝ። መስኮቱም ቢሆን አልተገኘም። የሆስፒታላችን ጽኑ ሕሙማን ክፍል አራት አልጋ ነው ያለው፤ እዚያ ለመመደብ የተመዘገብነው ነርሶች ግን አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ተራሽን ጠብቂ ተባልኩ። ወር ጠበቅኩ፣ ሁለት ወር ጠበቅኩ። በዚህ መሀል ነው ጫኔ የሚባል ደላላ ቤታችን የመጣው።

ጫኔ ወደ ኩዌት ሰው የሚልክ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰውዬ ነው። «አንድ ቤት አለ» አለኝ። «አሮጊቷ ማሽን ላይ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ። ነርስ የሆነች ኻዲማ ነው የሚፈልጉት። ይህ ማለት እኮ አይሲዩ በቤት ውስጥ ማለት ነው።» ኻዲማ የቤት ሠራተኛ መሆኑን አላጣሁትም። እኔ የሰማሁት ግን «አይሲዩ» የሚለውን ብቻ ነው። ለጽኑ ሕሙማን ልምድ ብላ በቤት ሠራተኛ ቪዛ አውሮፕላን ላይ የምትወጣ ነርስ ከኛ ሰፈር በቀር የትም የምትገኝ አይመስለኝም።

ቤቱ አርዲያ የሚባል ሰፈር ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ደረጃው ብዙ። ጠዋት ደረጃውን እጠርጋለሁ፣ መታጠቢያ ቤቶቹን እፈትጋለሁ፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ ማማ ሉልዋ ክፍል እገባለሁ። ማማ ሉልዋ የባባ እናት ናቸው። ባባ የቤቱ ጌታ፣ ቪዛዬ በስሙ የወጣው ከፊሌ፣ ጃሲም ነው። እሱንና ሚስቱን ማዳምን አንቱ ብዬ አላውቅም፤ ማማን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ወስዶታል። አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ ገብቶላቸዋል፤ በቱቦው ማሽኑ ይተነፍስላቸዋል። ድምፅ የላቸውም። አእምሯቸው ግን ከሁላችንም የነቃ ነበር።

ምግብ የምታበስለው ጥሩነሽ እዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በመጣሁ ቀን እጄን አይታ «ይሄ እጅ ክሎሮክስ አይችልም» አለችኝ፣ በረኪናውን ማለቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሲስተር» እያለች ስታሾፍብኝ ከረመች። የማማን ቋንቋ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ማማ በደህናው ቀኝ እጃቸው የብር ቀለበት ያደርጋሉ፤ በቀለበቱ የአልጋውን ብረት ይመታሉ። አንድ ጊዜ ከሆነ ከንፈሬን አርጥቢልኝ ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ አክታው ቱቦውን እየዘጋብኝ ነው፣ ምጠጪልኝ ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ይሄ ቴሌቪዥን ሰለቸኝ፣ ቀይሩልኝ ነው። ሦስቱ ከሁሉ ይበዛ ነበር። ልጆቻቸው ይህን ቋንቋ አያውቁትም፤ ሲመጡ ግንባራቸውን ስመው፣ ስልካቸውን እያዩ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

ቀን ቀን ከአንድ ኩባንያ ሲስተር ሺጃ የምትባል ሕንዳዊት ነርስ ትመጣ ነበር። የሷ ተራ ሲያልቅ የኔ ይጀምራል። ሺጃ ሕንድ አገር ስምንት ዓመት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርታለች። ነርስ መሆኔንና የምፈልገውን ስነግራት ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ደብተር ግዢ አለችኝ። ደብተሩ ላይ የሠራሁትን በየቀኑ እጽፋለሁ፤ ማሽኑ ስንት ላይ እንደነበረ፣ ስንቴ እንደመጠጥኩ፣ ቱቦውን መቼ እንደቀየርን። እሷ ገጹን አንብባ ትፈርምበታለች። የተሳሳትኩ ቀን አትፈርምም፤ ቀይ እስክሪብቶ ታወጣለች። እንደዚያ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም የለም።

ከስድስት ወር በኋላ የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለመምህር ሀብተ ወልድ ላክሁላቸው። «ግሩም ሥራ ነው» አሉኝ። «ቢሮው ግን ክብ ማኅተም ይፈልጋል።» የሰው ሳንባ በእጄ ይዤ ስውል ስድስት ወር፣ የሚፈልጉት ክብ ነገር ነው። ተናድጄ ስልኩን አልጋ ላይ ወረወርኩት። ማማ ሉልዋ አይተውኝ ሦስት ጊዜ መቱ። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ቀይሩልኝ ማለታቸው መሰለኝና ሳቅሁ፤ እሳቸውም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ።

ባባ ከእህቱ ልጅ ጋር ሳልሚያ ውስጥ የክሊኒክ ድርሻ አለው። ማኅተሙ እዚያ ነው። አንድ ቀን እናቱን ስሞ ሲወጣ ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጠየቅሁት። «ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ላይ ኻዲማ ነው የሚለው» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «የማማን ማሽን ኻዲማ ትነካለች ብዬ በማኅተም ልጻፍ? እኔ እቀጣለሁ፣ ላንቺም ተስፊር ነው፣ ወደ አገርሽ ይጠርዙሻል። እስቲ እናያለን፣ ኢንሻአላህ።» የባባ ኢንሻአላህ ምን ማለት እንደሆነ ጥሩነሽ ቀድማ ነግራኝ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት ላይ አየር ማረፊያው ተዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል ሺጃ የምትኖርበት ሰፈር ጀሊብ ታጠረ፤ ገቢም ወጪም የለም ተባለ። ኩባንያው ሌላ ነርስ የለኝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኑም ሌሊቱም የኔ ሆነ። ማዳም ደረጃውን ማን ይጠርጋል አለች፤ ጥሩነሽ ማሰሮዋን ሳትለቅ «እኔ» አለች። ከዚያ በኋላ ሲስተር ስትለኝ ማሾፉ ከድምፅዋ ጠፋ።

ሺጃ ካጥሩ ውስጥ ሆና በቪዲዮ ትደውልልኛለች። ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ እሠራለሁ፣ እሷ ታያለች። አንድ ነገር ግን እሷም አላስተማረችኝም። የማማ አክታ እንደ ሙጫ የሚከብድበት ቀን አለ። ያን ጊዜ አንገታቸው ወደ ቀኝ ካልዞረና በቱቦው ሁለት ጠብታ ሳላይን፣ የጨው ውሃ፣ ካልገባ፣ መምጠጫውን ባስገባውም ባዶውን ይመለሳል። ወደ ግራ ከዞሩ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል። በየትም መጽሐፍ አላነበብኩትም። አራት ጊዜ ከእጄ ሊያመልጡ ሲሉ ያወቅሁት ነው፤ በአራተኛው ፊታቸው ጠቁሮ ሲመለስ እጄን ይዘው አልለቅም አሉኝ። በዚያ ቀን ገጽ ላይ የፈረመልኝ ማንም የለም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ማዳም ሳል ጀመራት። እኔና ጥሩነሽ ተከታትለን ማሽተት አቃተን፤ ጥሩነሽ ሽንኩርት አሳርራ በጭሱ ነው ያወቀችው። እኛ በሳምንታችን አገገምን። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ማማ ሉልዋ አተኮሳቸው። ኦክስጅናቸው ዘጠና ሁለት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ አራት እያለ ወረደ። የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ሺጃ በስልኩ ውስጥ ማሽኑን አይታ «በቃ፣ ከቤት አቅም በላይ ነው፤ ሆስፒታል ይግቡ» አለችኝ። ለባባ ነገርኩት፤ አንድ የግል አምቡላንስ ጠራ።

አምቡላንሱ እስኪደርስ ባባ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዞ አቆመኝ። ማስኩ አገጩ ላይ ወርዷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። «ስሚኝ ልደት። አንቺ ኻዲማ ነሽ። ማሽኑን ማን ይነካል ቢሉሽ ነርስ ከኩባንያ ትመጣለች በይ። ሌላ ምንም እንዳትናገሪ። ወረቀትሽን እሰጥሻለሁ። በማኅተም። ወላሂ።» ይህን ሰው በዓመት ውስጥ ወላሂ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሦስት ሰዎች ከእግር እስከ ራስ ነጭ ለብሰው ገቡ። ከማሽኑ ከመነቀላቸው በፊት ልምጠጥላቸው ብዬ መምጠጫውን ላነሳ ስል አንደኛው በእጁ ከለከለኝ። ፍንጣሪው በሽታውን ይረጨዋል፣ ሆስፒታል ይደረግላቸዋል አለ። እሱም ትክክል ነው፤ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚፈራው። አንስተው ቃሬዛው ላይ አስተኟቸው። በጠፍጣፋው አስተኟቸው። ቱቦው እንዲመቻቸው አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩት።

ማማ ሉልዋ የቃሬዛውን ብረት ሁለት ጊዜ መቱ።

ባባን በእጅጌው ያዝኩት። «ባባ፣ አክታ ዘግቷቸዋል። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያድርጉት በላቸው።» ባባ ሳያየኝ «ኡስኩቲ» አለኝ፣ ዝም በይ ነው። ነጭ ከለበሱት አንዱ ስንሾካሾክ ሰማ። ቆመና «ምንድን ነው የምትለው?» ብሎ በአረብኛ ጠየቀ። ባባ «ኻዲማ ናት፣ ፈርታ ነው» አለው። ሰውዬው ግን ባባን ትቶ ወደኔ ዞረ። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኑ ይታየኛል፤ ወጣት ነው፣ ደክሞታል። እስክናገር ጠበቀኝ። ማንም ሰው በዚያ አገር እንደዚያ ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅም። አረብኛው በአፌ ላይ ነበር፤ አምስት ቃል አይሞላም።

ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ተስፊሩንም ፈርቻለሁ፣ እውነት ነው። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ግን ክቡ ማኅተም ነው። ስንት ወር ስጠብቀው የኖርኩት ነገር አንድ ዝምታ ብቻ ቀርቶት ነበር። «ምንም» አልኩት።

ይዘዋቸው ሄዱ። የቤቱ ሊፍት ጠባብ ስለሆነ በደረጃው ነው ያወረዷቸው፤ ብረቱ ሲመታ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ ከታች ይሰማኛል። ጥሩነሽ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ወደኔ እያየች ነበር። እሷም ቋንቋውን ታውቃለች። የአምቡላንሱ በር ሲዘጋ የመጨረሻውን ሰማን፤ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው አልተሰማም። ምናልባት በሩ ውጦት ይሆናል።

አብሮ መሄድ ክልክል ነበር፤ ለልጃቸውም ለማንም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ማማ ሉልዋ አርፈዋል ተብሎ ተደወለ። መንገድ ላይ ልባቸው ቆሞ እንደነበረ፣ እንደመለሷቸው፣ ከዚያ በኋላ ግን እንዳልነቁ ማዳም ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የሞቱበት ምክንያት ኮሮና ተብሎ ተጻፈ። እሱም ወረቀት እውነት ነው። ባይዘጋባቸውም ኖሮ ይሞቱ ይሆናል፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር፣ ኦክስጅናቸውም ወርዷል። ይህን ለራሴ በየቀኑ እነግረዋለሁ። ለሺጃ ደውዬ የሆነውን ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ከመነሳታቸው በፊት መጠጥሻቸው?» አልመጠጥኩም አልኳት። ከሳምንት በኋላ በልዩ በረራ ወደ አገሯ ገባች።

ክፍሉን እንዳጸዳ ታዘዝኩ። አልጋውን በክሎሮክስ አጠብኩ፤ ብረቱ ላይ ቀለበቱ የፋቀውን ቦታ አጠብኩ፣ አይለቅም። ማሽኑን ያከራየው ድርጅት መጥቶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማኝ ዝምታ ስለሆነብኝ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ እተወው ነበር። ማዳም መብራት ይፈጃል ብላ አጠፋችው። አየር ማረፊያው ተዘግቷል፣ የምሄድበት የለኝም፤ ወደ ደረጃዬ ተመለስኩ።

ሐምሌ ላይ መምህር ሀብተ ወልድ ጻፉልኝ። «ቦታሽ አለ። ወረቀቱን ላኪና ጨርሽ» ይላል። መልስ አልሰጠሁም። ለባባም አላስታወስኩትም። ቢረሳው ብዬ መመኘት ጀምሬ ነበር፤ ቢረሳው ኖሮ ያታለለኝ እሱ ይሆናል፣ እኔ የተበደልኩ ሰው ሆኜ አለቅሳለሁ። ባባ ግን አልረሳም።

ማማ ባረፉ በአርባ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ ኩሽና ገባ። ወንድ ልጅ በዚያ ቤት ኩሽና ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ጥሩነሽ ሩዝ እያጠበች ነበር፣ እኔ ወለል እወለውላለሁ። በእጁ ነጭ ፖስታ ይዟል። ከስቷል፣ ጺሙን አልተላጨም። ለእናቱ ማንም ሳይሰበሰብ፣ ከሩቅ ቆመው አራት ሆነው ነው የቀበሯቸው፤ ዲዋኒያው፣ የወንዶቹ እንግዳ መቀበያ፣ ለቅሶ ሳያይ ነው የከረመው።

«አንቺ ከኛ ሁሉ ታውቂያታለሽ» አለኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲወስዷት ብረቱን ስትመታ ነበር። ሁለት፣ ሁለት። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ ባባ።»

«እኔ ለሰው ሁሉ የምነግረው ስትሰናበተኝ ነበር ብዬ ነው። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለልጆቼ። ለወንድሜም እንደዚያ አልኩት። ስንብት ነው አይደል?»

ጥሩነሽ ውሃውን ዘጋችው። ጀርባዋን እንደሰጠችን እጇ ሩዙ ውስጥ ቀረ። ባባ ጠበቀኝ፤ ያ ነጭ የለበሰው ወጣት እንደጠበቀኝ አድርጎ። ሰውዬው ጨካኝ አይደለም፤ ቋንቋውን ማንም አልነገረውም። ያን ቀን ቢያውቅ ኖሮ ራሱ ይጮህላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። አሁን ብነግረው ለማን ይጠቅማል? ዕድሜ ልኩን እንደኔ እንዲሰማው ካልሆነ በስተቀር። ይህን ሁሉ አሰብኩ እላለሁ፤ ግን ዓይኔ ፖስታው ላይ ነበር።

«አዎ ባባ» አልኩት። «ስንብት ነው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ፖስታው በጣቶቹ መካከል እየታጠፈ። ሲጨርስ በሻሹ ጫፍ ተጠራርጎ ፖስታውን ዘረጋልኝ። ጥሩነሽ ዞራ አላየችኝም። መወልወያውን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ፣ እጄን በልብሴ አደረቅሁና ወረቀቱን እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።